የቬነስ ትራንዚት ምንድን ነው? በመካከል መግባት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ትራንዚት ማለት ከምድር ይልቅ ለፀሐይ ቀርበው የሚዞሩት ሜርኩሪና ቬነስ የፀሐይን ፊት እንደ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆነው ሲያቋርጡ የሚታይ ክስተት ነው። ይህን ያህሉን የሚክድ የለም። «ቬነስ በየ584 ቀኑ በምድርና በፀሐይ መካከል ስለምትገባ ትራንዚትም በየ584 ቀኑ ይኖራል» የሚለው አባባል ግን እየተደጋገመ ይጻፋል፤ አንድ አስተያየት ሰጪም ከዚህ አልፈው፣ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ክስተቱን ብርቅ የሚያስመስሉት ለማጋነን ነው ብለዋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው።

በአንድ የመሮጫ መም ላይ ቬነስ በውስጠኛው፣ ምድር በውጨኛው መስመር እንደሚሮጡ፣ በሜዳው መሐል ደግሞ መብራት እንደተተከለ እናስብ። ውስጠኛዋ ሯጭ ፈጣን ስለሆነች ውጨኛዋን በአማካይ በየ584 ቀኑ ደርባ ታልፋታለች። አስተያየት ሰጪው የዘነጉት ውስጠኛው መስመር በ3.4 ዲግሪ ያዘመመ መሆኑን ነው፦ ግማሹ ከሜዳው ከፍ፣ ግማሹ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከሜዳው ጋር የሚገናኘው በሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። መደራረቡ ከእነዚህ ቦታዎች ርቆ ከተፈጸመ፣ ውጨኛዋ ሯጭ ወደ መብራቱ ስትመለከት ሌላዋ ከመብራቱ በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ምድር በእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች የምትገኘው በጁንና በዲሴምበር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በዘመናችን የቬነስ ትራንዚት በሌላ ወር አይታይም።

የቬነስ ትራንዚት በስምንት ዓመት ልዩነት ጥንድ ሆኖ የሚመጣበት ምክንያትም እዚያው መም ላይ አለ። ምድር ስምንት ዙር ስትጨርስ ቬነስ ዐሥራ ሦስት ገደማ ትዞራለች፤ አምስት መደራረቦችም ስምንት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ሲቀረው ይጠናቀቃሉ። በዚህች ልዩነት የተነሣ የቬነስ መንገድ በፀሐይ ፊት ላይ የዲግሪ ሢሶ ያህል ይሸሻል። የፀሐይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሁለት መንገዶች ሊያርፉበት ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን ከዳር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቬነስ በፀሐይ ደቡባዊ ክፍል፣ በ2012 በሰሜናዊው አለፈች። ጁን 3 ቀን 2020 እንደገና በመካከላችን ገባች፤ ሆኖም ከፀሐይ ጠርዝ ጥቂት ወደ ሰሜን ስላለፈች ትራንዚት አልነበረም። አስተያየት ሰጪው ይህችን አንዲት ቀን ቢመረምሩ ይበቃ ነበር። ቀጣዮቹ በ2117 እና በ2125 ናቸው። የመሙ ምሳሌ ግን ወሰን አለው፦ ምሕዋሮቹ ፍጹም ክብ አይደሉም፤ የመገናኛ ቦታዎቹም በዝግታ ስለሚሸሹ ይህ ሥርዓት ዘላለማዊ አይደለም።

ቀን ሲጠቀስ የዘመን አቆጣጠሩ ይነገር። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ትራንዚት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1996 ከጠዋቱ 2:15 እስከ ቀኑ 8:25 ገደማ ሙሉ በሙሉ ከአገራችን ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ መጨረሻ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 2004 ፀሐይ ስትወጣ ታይቷል። «የ2004ቱ ትራንዚት» ብቻ ብሎ መጻፍ ሁለቱን ያደባልቃል።

ትራንዚት ቀኑን ያጨልማል ብሎ የሚጠብቅም አለ። የቬነስ ስፋት በዚያ ሰዓት ከፀሐይ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ያህል ስለሆነ የምትጋርደው ብርሃን ከሺህ አንድ ገደማ ነው፤ ዓይናችን ይህን መቀነስ አይለይም። ሜርኩሪ ከዚህም እጅግ ታንሳለች። የእርሷ ትራንዚት በመቶ ዓመት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ቀጣዩ ኅዳር 4 ቀን 2025፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2032፣ ከጠዋቱ 3:40 እስከ ቀኑ 8:05 ገደማ ከኢትዮጵያ ይታያል። ለዚህ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ለፀሐይ የተሠራው ማጣሪያም ከፊት ለፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል መታሰር አለበት። በዓይን ማያው በኩል የሚገጠመው ዓይነት በተጠራቀመው ሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ፈጽሞ አይታመንም።