«ያለው አንድ ነው፤ ጠቢባን በብዙ ስም ይጠሩታል»

በህንድ ስለ ሃይማኖት በተወራ ቁጥር አንድ የሳንስክሪት አባባል ብቅ ማለቱ አይቀርም፦ «ኤካም ሳት፣ ቪፕራ ባሁዳ ቫዳንቲ»። ያለው አንድ ነው፤ ጠቢባን በብዙ ስም ይጠሩታል እንደ ማለት ነው። ፖለቲከኛ ንግግሩን ያሳርግበታል፤ ሰባኪ ስብከቱን ይከፍትበታል። ሁለቱም በአብዛኛው «ሃይማኖቶች ሁሉ ያው አንድ ናቸው» ብለው ይፈቱታል። ለሰላም የሚበጅ ፍቺ ነው፤ አባባሉ የተወለደበት ቦታ ግን ይህን አይልም።

ምንጩ ሪግቬዳ ነው፤ በ10 መጻሕፍት የተከፈሉ 1,028 መዝሙራትን የያዘ፣ በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለብዙ ዘመናት በቃል ሲወርድ የኖረ የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ። አባባሉ የሚገኘው በመጀመሪያው መጽሐፍ 164ኛ መዝሙር፣ 46ኛው አንጓ ላይ ነው። የመዝሙሩ ባለቤት ዲርጋታማስ የተባለ ጠቢብ እንደሆነ ይነገራል። በትውፊቱ መሠረት ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር።

መዝሙሩ ከዳር እስከ ዳር እንቆቅልሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሥራ ሁለት ዘንግ ያለው፣ የማያረጅ መንኮራኩር አለ፤ በላዩም 720 ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። «ምን አውቅልህ» ላለ ሰው መልሱ ዓመት ነው፦ አሥራ ሁለት ወራት፣ 360 ቀናትና 360 ሌሊቶች። ሌላ ቦታ ሁለት ወፎች በአንድ ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጣፋጩን ፍሬ ይበላል፣ ሌላው ሳይበላ ይመለከታል። የኋላ ፈላስፎች በእነዚህ ወፎች ላይ ብዙ ተከራክረዋል።

ከአባባሉ በፊት ያለውን 45ኛውን አንጓ የሚጠቅስ ሰው ብዙም አይገኝም። እኔ ግን ቁልፉ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ንግግር አራት ክፍል አለው ይላል፤ ሦስቱ ተሰውረዋል፣ ሰዎች የሚናገሩት አራተኛውን ብቻ ነው። ወዲያው ተከትሎ ነው «ኢንድራ፣ ሚትራ፣ ቫሩና፣ አግኒ ይሉታል፤ ያለው አንድ ነው፣ ጠቢባን በብዙ ስም ይጠሩታል፤ አግኒ፣ ያማ፣ ማታሪሽቫን ይሉታል» የሚለው። ኢንድራ የነጎድጓድና የጦርነት፣ ቫሩና የሥርዓትና የመሐላ፣ አግኒ የእሳት፣ ያማ የሙታን አምላክ ነው። በዚህ አንጓ ውስጥ ስለ ሌላ ሕዝብ ሃይማኖት አንድም ቃል የለም። ገጣሚው የሚያወራው የራሱ ወገኖች በመሥዋዕቱ ዙሪያ ስለሚጠሯቸው አማልክት ነው፤ ያንን አንዱን ግን ወንድም ሴትም አያደርገውም፣ የራሱ ስምም አያወጣለትም። የሰው አንደበት አራተኛውን ክፍል ብቻ ከያዘ፣ የትኛውም ስም ሙሉ ሊሆን አይችልም።

ይኸው ሐሳብ በኋላ በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ፣ ከቬዳ ጋር በተያያዘው ጥንታዊ የፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ፣ ጨዋታ በሚመስል ምልልስ ተመልሶ ይመጣል። በቪዴሃው ንጉሥ በጃናካ አደባባይ ሻካልያ የተባለ ተከራካሪ ጠቢቡን ያጅናቫልክያን «አማልክት ስንት ናቸው?» ይለዋል። «ሦስት መቶ ሦስት፣ ሦስት ሺህ ሦስትም» ይመልሳል። «እሺ፣ ግን በእርግጥ ስንት ናቸው?» ሠላሳ ሦስት። ደግሞ ይጠይቃል፤ ስድስት። ሦስት። ሁለት። አንድ ተኩል! በመጨረሻም አንድ። አንድ ተኩሉ ነፋስ ነው፤ አንዱ ደግሞ እስትንፋስ፣ እርሱም ብራህማን፣ ማለትም የሁሉ መሠረት የሆነው እውነት፣ የሚሉት። ሻካልያ ግን ክርክሩን አላቆመም፤ ጥያቄው ወደ እርሱ ዞሮ መመለስ ሲያቅተው ራሱ ከአንገቱ ወደቀ ይላል መጽሐፉ።

የብዙ ሂንዱዎች አምልኮ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አብሮ ይሄዳል። አንድ ሰው ሺቫን፣ ቪሽኑን ወይም እናቲቱን ዴቪን የልቡ አምላክ አድርጎ ይመርጣል፤ የጎረቤቱን ግን ሐሰት አይለውም። አንዱ ምን ዓይነት አንድ ነው ሲባል ግን ሊቃውንቱ አይስማሙም። ለፈላስፋው ሻንካራ ባሕርይ የሌለው ብራህማን ነው፤ የሰው ነፍስም በመሠረቱ ከእርሱ አትለይም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ማድቫ ይህን አጥብቆ ይቃወማል፦ አምላክና ነፍስ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው፤ በቬዳ ያሉት ስሞችም በላቀ ፍቺያቸው የቪሽኑ ናቸው። ስለዚህ «ስሙ ብዙ ነው» ማለት ለእርሱ «ማንንም ብታመልክ ያው ነው» ማለት አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አባባሉ ወደ አደባባይ ወጣ። በ1875 እ.ኤ.አ. በቦምቤይ አሪያ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር የመሠረተው ዳያናንዳ ሳራስዋቲ፣ አግኒም ኢንድራም የአንድ ፈጣሪ ስሞች ናቸው ብሎ የምስል አምልኮን አወገዘበት። በ1893 በቺካጎው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ዝናን ያተረፈው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ደግሞ ይህንኑ ስንኝ ደጋግሞ እየጠቀሰ በምስል ፊት የሚሰግደውን ምእመን ተከላከለበት፤ ሃሳቡንም ከሂንዱ አማልክት አልፎ ወደ ሌሎች ሃይማኖቶች ዘረጋው። ዛሬ በየመድረኩ የሚሰማው «ሁሉም አንድ ነው» በአብዛኛው የእርሱን ፈለግ የተከተለ ነው።