«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፦ ግን ለምን ቸኮለች?

ይህን ተረት ያልተተረተበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር እናቶቻችን ብለውናል፣ አድገን ደግሞ ደብዳቤ ለማይመለከተው ሰው ስንልክ የቢሮ ጓደኛ ይለናል። ትርጉሙም ግልጽ ነው። አትቸኩል፤ ከቸኮልክ ታበላሻለህ፣ ካበላሸህ ደግሞ እንደገና ትሠራለህ። እኔ ግን ብዙዎቻችን ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው ባይ ነኝ። በተለይ «ቀኑ አልበቃኝም» እያልን የምንነጫነጭ ሰዎች።

ነገሩ የእህል ቤት ነገር ነው። ሴትዮዋ ከጎተራ ወደ እንቅብ፣ ከእንቅብ ወደ ሰፌድ እህል ትገለብጣለች። ቸኩላለች፣ እጇ ሳት አለ፣ እህሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሽምብራ ወይም ባቄላ ቢሆን እሰየው፣ ቁጭ ብሎ መልቀም ነው። ጤፍ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ! የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ አለ። ይህን አንድ በአንድ ማን ይለቅማል? ከነአፈሩ ይጠረጋል፣ ይበጠራል፣ ይንገዋለላል፣ እንደገና ይበጠራል፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም እንጀራው ሲበላ አሸዋው ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ሁለት ደቂቃ አተርፋለሁ ብላ ግማሽ ቀኗን ከሰረች ማለት ነው።

የዛሬው ጤፍ ስልካችን ውስጥ ነው። ታክሲ ውስጥ ቆመን፣ በአንድ እጅ ብረቱን ይዘን በሌላው ብር እናስተላልፋለን፤ የሂሳብ ቁጥሩ ላይ አንድ አኃዝ ይሳሳታል፣ የተቀባዩን ስም ሳናነብ «አረጋግጥ» የሚለውን እንነካለን፣ ብሩ የማናውቀው ሰው ጋ ይገባል። ከዚያ በኋላ ባንክ መሄድ አለ፣ ማመልከቻ መጻፍ አለ፣ ብሩ የደረሰው ሰው እስኪገኝ መጠበቅ አለ፣ ወጪ አድርጎት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ስሙን ማንበብ ግን ሦስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

በትልቁ ማየት ለሚፈልግ ሰኔ አለላችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ላይ የነበረ የግዢ ክፍል ሰኔ ሲገባ እሳት ይለብሳል፤ በጀቱ ተመላሽ ከሚሆን ምንም ይሁን ምን ይገዛ። እናም ቀለሙ ገበያ ላይ የሌለ ማተሚያ ይገዛል፣ በበሩ የማያልፍ ጠረጴዛ ይገዛል። ማፍሰሱ ሰኔ ላይ ነው፣ ለቀማው ኦዲተር ሲመጣ።

እዚህ ላይ ነው የተረቱ ሌላኛው ግማሽ ያለው። የሰኔው ሰውዬ ችግሩ መቸኮሉ ነው? አይደለም። ችግሩ ጥቅምት ላይ መተኛቱ ነው። ችኮላ ብዙ ጊዜ የፈጣን ሰው ጠባይ አይደለም፣ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ዕዳ ነው። ለዚህ ሰው «ቀስ በል» ብትለው ምንም አይጠቅመውም፣ ቀስ የሚልበት ጊዜ አልፎበታል።

ሴትዮዋ ግን የተኛች አትመስለኝም። እስቲ ጠዋቷን አስቡት። ልጅ ጀርባዋ ላይ አለ፣ ምጣዱ ጋለ፣ ውሃ ገና አልተቀዳም፣ ባል ከእርሻ ሲመለስ ምሳ ይጠብቃል፣ እንግዳም ሳይናገር ይመጣል። ደግሞ ጊዜ አያያዝ የማታውቅ ሴት አይደለችም። ሊጥ የሚያቦካ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የእሁድ እንጀራ ሐሙስ ካልተቦካ የለም፤ ሊጡ ቀኑን ጠብቆ ይቦካል፣ ከዚያ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚህ አንዱን የዘለለ ሰው ዓይን የሌለው እንጀራ ይበላል። ወደ ኋላ ቆጥሮ ማቀድ የሚሉትን ነገር ከማንኛውም አሠልጣኝ በፊት ታውቀዋለች። ያፈሰሰችው የአራት ሰው ሥራ በሁለት እጇ ስለያዘች ነው። ተረቱ ግን በሷ ፈረደ። ወንዶቹ የት ነበሩ ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለዚህ «ቸኮልኩ» የሚል ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው እንደሆነ ነው። ዘግይተህ ጀምረህ ከሆነ መፍትሔው ቀድሞ መጀመር ነው፤ ሪፖርቱ አርብ የሚፈለግ ከሆነ ለራስህ ረቡዕ ብለህ መያዝ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ካለህ የታክሲውን ሰልፍና የመገናኛን መጨናነቅ ከቤት ስትወጣ መቁጠር (የሐበሻ ቀጠሮ እያልን የምንቀልደው ነገር ግማሹ ይህንን አለመቁጠር ነው)። የተጫነብሽ በዝቶ ከሆነ ግን ማስታወሻ ደብተርም አፕም አያድንሽም። ከላይሽ ላይ የሚወርድ ነገር መኖር አለበት። ወይ ሥራው ይቀነስ፣ ወይ ቤት ውስጥ ሌላ እጅ ይግባበት፣ ወይ «ዛሬ አልችልም» ይባል። ቢሮ ውላ ማታ ሁለተኛ ሥራዋን ኩሽና ውስጥ የምትጀምር ሴት የጊዜ አያያዝ ሥልጠና ሳይሆን ሽንኩርት የሚከትፍላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

በሌላ በኩል ይህን ተረት ጋሻ ያደረጉ ሰነፎችም አሉ። ሥራ ስትሰጣቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉና ሳምንት ይጎትቱታል፣ ላዩ ላይ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይጨምሩበታል። እንቁላሉ እኮ ሥራ ላይ ነው! ዶሮዋ 21 ቀን ገደማ ትታቀፈዋለች፤ ለመብላትና ለመጠጣት ብድግ ብላ ወዲያው ትመለሳለች። ዛሬ ደብሮኛል ብላ ብትውል ጫጩት የለም።

አነጋገሩን ስትጠቀሙበት ቦታውን እዩ። እኩያ ለእኩያ ሲቀልድበት ያምራል፣ ታላቅም ለታናሽ ይመክርበታል። ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይባልም፣ ነውር ነው። ሰውየው ጥፋቱን ለማስተካከል ላይ ታች ሲል ከላዩ ቆሞ መተረትም ያናድዳል። ብዙ ጊዜ ሰው በራሱ ላይ ሲለው ነው የሚሰማው፤ አለቃህ «ምነው ሪፖርቱ ሁለቴ መጣ?» ሲልህ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆኖብኝ ነው፣ ሁለተኛውን ይዩልኝ» ብትል፣ ሳቅ ብሎ ያልፍሃል።