ተልባ፣ ፌጦ፣ በርበሬ፦ የጉሊቱ ምክርና እውነታው

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች መሀል ባለ ጉሊት ተልባ፣ ፌጦ፣ አብሽና እርድ ከጎመኑ ጎን ይሸጣሉ። ምክሩ በነፃ ነው፤ ደህናም ምክር አለበት። የማይሆነውን ልጥቀስ።

«ተልባ አንጀት ያጥባል»

አያጥብም። ልጋጋማው አሰር (ፋይበር) ውሃ ይዞ ያብጥና ሰገራን ያለሰልሳል፤ ድርቀት ላለበት ጥሩ ነው። ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን አሰር የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የአንጀቱ ግድግዳ ሴሎች አብዛኛውን ጉልበት የሚያገኙት ከዚሁ አሲድ ነው፤ ብግነትንም ለማርገብ ያግዛል። ተልባ ውስጥ ያለውን ሊግናን የሚባል ውህድም ሰውነት ወደሚጠቀምበት ኢንተሮላክቶን የሚቀይሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ትናንት አንቲባዮቲክ የጨረሰ ሰውና ጎረቤቱ ከአንድ ጆግ ቢጠጡ እኩል አይጠቀሙም። ደግሞ ሳይደቅ የተዋጠ ፍሬ እንደገባ ነው የሚወጣው፤ ቆልቶ መውቀጡ ያለ ነገር አልመጣም።

«ጨጓራ የሚያመጣው በርበሬ ነው»

«እማማ፣ ለጨጓራ የቱ ይሻለኛል?»
«ፌጦ ነዋ ልጄ! በባዶ ሆድ፣ ከማር ጋር። በርበሬውን ተይው።»

ይሄኛው ያናድደኛል፤ ስንቱ ወጡን አልጫ አድርጎ ዓመታት ይሰቃያል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ለይተው አሳደጉ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ካሉ ማስታገሻዎች ነው። በርበሬ የታመመውን ያቃጥል ይሆናል እንጂ ቁስሉን አያመጣም። ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ከተገኘ ሕክምናው ሐኪም የሚያዘው የአንቲባዮቲክ ጥምረት ነው። ፌጦው አይተካውም።

«እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጣል»

ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። መቦካቱ የሚጠቅመው ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ነው፤ የጤፉ ብረት በተሻለ ይዋሃዳል። ሕያው የፈለገ እርጎ ይጠጣ።

«እርድ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም»

የእርዱ ዋና ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ለዚህ ነው ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት የሚባለው። ቁንዶ በርበሬው ግን የአንዳንድ መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አልጫ ላይ ጣል የሚደረገው አያሳስብም፤ ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን በማንኪያ ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።