ውድ ገንዘብ፣ ጠንካራ ኢኮኖሚ? አይደለም!

የዶክትሬት ጥናቴ በዓለም አቀፍ ማክሮኢኮኖሚክስና ፋይናንስ ላይ መሆኑን የሰማ ሁሉ «ዶላር በሚቀጥለው ወር ስንት ይገባል?» ይለኛል። አላውቅም። ኢኮኖሚስቶቹ ሪቻርድ ሚዝና ኬኔት ሮጎፍ በ1983 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ባሳተሙት ጥናት የዘመኑ የምንዛሪ ተመን ሞዴሎች በአጭር ጊዜ ትንበያ «የነገው ተመን ያው የዛሬው ነው» ከሚል ግምት እንደማይሻሉ አሳይተዋል። ዲግሪ ቢደራረብ ይህን አይለውጠውም።

«የንግድ ጉድለት ያለበት (ለውጭ ከሚሸጠው በላይ ከውጭ የሚገዛ) አገር ከስሯል» የሚሉም አሉ። አሜሪካ ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ ጉድለት ላይ ናት።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ «አንድ ዶላር ከመቶ የን በላይ ይመነዘራል፤ የጃፓን ገንዘብ ደካማ ነው።» ስንቴ እንደመለስኩት! የተመኑ ቁጥር መስፈሪያ ብቻ ነው። ቁመቱን በሴንቲሜትር የለካ ሰው በሜትር ከለካው አይረዝምም። ቱርክ በጥር 2005 ከሊራዋ ላይ ስድስት ዜሮ ቆረጠች፤ 1,000,000 አሮጌ ሊራ 1 አዲስ ሊራ ሆነ። በዚያ ሌሊት የበለጸገም የደኸየም ሰው የለም። የን ደግሞ ከ1949 እስከ 1971 አንድ ዶላር በ360 ይመነዘር ነበር፤ ጃፓን ዓለምን ያስደነቀ ዕድገት ያስመዘገበችው በዚያው ዘመን ነው።

አንድ ወዳጄ ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት የሚከፍለውን ቁጠባ ወደ ኩዌት ዲናር ሊቀይር ተነሳ። ምክንያቱ አንድ ዲናር ከ3 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ «ውድ ገንዘብ አይወድቅም» የሚል ነው። መስከረም 16 ቀን 1992ን አስታወስኩት። አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ከ2 የጀርመን ማርክ በላይ ያወጣ ነበር፤ ያን ቀን አገሮች የገንዘባቸውን ተመን በተወሰነ ክልል ለመያዝ ከተስማሙበት የአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ተገፍቶ የወጣው ግን ፓውንዱ ነው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መጠባበቂያውን እየሸጠ ቢከላከልለትም አላዳነውም።

ስለዚህ የተመኑን ቁጥር ተዉትና ሌላ ጠይቁ። ገንዘቡ ባለፉት ዓመታት ምን ያህል ተንቀሳቀሰ? የዋጋ ንረቱ ከሌሎቹ አገሮች ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን በአንድ ቦታ ይዞ ከሆነ፣ ለመያዝ የሚበቃ የውጭ ምንዛሪ አለው? ለግል ቁጠባ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ወጪያችሁ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ማወቅ ነው። የወዳጄ የትምህርት ክፍያ በዩሮ ነበር፤ ቁጠባውንም በዩሮ አስቀመጠ።