«ዝነኞቹ አርባ» ምንድን ናቸው?

የኦዝ ታሪክ ስንት መጽሐፍ አለው ሲባል ብዙ ሰው «አንድ» ይላል። ዶሮቲ የምትባል ልጅ ከነውሻዋ በአውሎ ነፋስ ተወስዳ ኦዝ የሚባል አስማተኛ አገር ትገባለች፤ ብዙ አይታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አለቀ። የ1939ኙ ፊልም ያስለመደን ይህንን ነው። የኦዝ ወዳጆች ግን እስከ አርባ ይቆጥራሉ። «ዝነኞቹ አርባ» የሚባሉትም እነዚህ መጻሕፍት ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

14ቱን የጻፈው አሜሪካዊው ኤል. ፍራንክ ባውም ነው። የመጀመሪያው በ1900 ወጣ። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ኦዝን መጻፍ አልፈለገም፤ አንባቢ ልጆች ግን በደብዳቤ መቀመጫ አሳጡት። ስለዚህ በ1910 በስድስተኛው መጽሐፍ አንድ መላ ዘየደ። ግሊንዳ የተባለችው መልካም አስማተኛ ኦዝን ከዓለም ዓይን ሰወረቻት፤ ከእንግዲህ ወሬ እንኳ አይመጣም ተባለ። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ በዓመቱ ባውም ራሱ መክሰሩ ነው። በ1913 ወደ ኦዝ ተመለሰ። ምክንያቱንም ሲናገር፣ በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ብንሞክርስ ብሎ ያሳሰበው አንድ ልጅ ነው አለ። እንዲህ ያለ ሰበብ ማን እምቢ ይላል?

ባውም በ1919 ሞተ፤ የመጨረሻ መጽሐፉም በ1920 ወጣ። የቺካጎው አሳታሚ ግን ለማቆም አልፈለገም። በየዓመቱ አዲስ የኦዝ መጽሐፍ የሚጠብቅ ገበያ ነበረዋ። ሥራውን የሰጠው ለሩት ፕላምሊ ቶምሰን ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ የልጆች ገጽ አዘጋጅ ነበረች።

በ1921 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ሽፋን ላይ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ባውም ነው፤ እሷ አስፋፍታ ያረመች ብቻ ተባለች። ታሪኩን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፈችው እሷ ናት። አንባቢ ከአዲስ ስም እንዳይሸሽ የነበረው የአሳታሚው ስጋት ይገባኛል፤ ቢሆንም ሥራዋን መንጠቅ ነው። ቶምሰን ከዚያ በኋላ በራሷ ስም ቀጠለች። እስከ 1939 በየዓመቱ አንድ፣ በድምሩ 19 መጻሕፍት ጻፈች። ከፈጣሪው በለጠች ማለት ነው።

ድምፅዋ የባውም አይደለም። ባውም ረጋ ብሎ ይተርካል፤ ዋና ገጸ ባሕርያቱም በአብዛኛው ልጃገረዶች ናቸው። እሷ ትሮጣለች። በቃላት ትጫወታለች፣ ግጥም ትጨምራለች፤ ወንዶች ልጆችን፣ ልዑላንንና ሰርግን ትወዳለች። በዚህ የተቀየሟት አንባቢዎች ዛሬም አሉ። እኔ ግን ባውምን ለማስመሰል ብትጥር ኖሮ 19 ዓመት የምትቆይ አይመስለኝም።

ሌላ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ፦ ሥዕሉ። ከ1904ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምሮ ሥዕሎቹን የሠራው ጆን አር. ኒል ነው፤ ለቶምሰንም መጻሕፍት የሣለው እሱው ነው። ደራሲው ቢለወጥም ልጁ ገጹን ሲገልጥ የሚያያት ኦዝ ያቺው ናት። ኋላ ላይ ኒል ብዕሩንም አነሳና ሦስት መጻሕፍት ጻፈ። ጃክ ስኖው ሁለት፣ ሬቸል ኮስግሮቭ አንድ ጨመሩ። አርባኛውን በ1963 እናትና ልጅ አብረው ጻፉት፤ ኤሎይዝ ጃርቪስ ማግሮውና ሎረን ማግሮው ዋግነር።

እዚህ ላይ መቆሙ ከጥራት ጋር አይገናኝም። አጥሩን ያጠረው አሳታሚው ነው፦ የመጀመሪያው መጽሐፍና ከዚያ ወዲህ ያ ድርጅት በተከታታይ ያወጣቸው ተቆጠሩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የቅጂ መብት በ1956 ስላበቃ ስለ ኦዝ የጻፉ ሌሎች ሞልተዋል። የግሪጎሪ ማጉዋየር የ1995 ልብ ወለድ ወደ ሙዚቃዊ ቲያትርነት ተለውጦ ገንኗል፤ ከአርባው ግን አይቆጠርም፤ ለአዋቂዎች የተጻፈም ነው።

ቶምሰንን መሞከር ለሚፈልግ፣ ካቡምፖ የተባለው ሽቅርቅር ዝሆን ከሚገኝበት የ1922ቱ መጽሐፍ ይጀምር። የ1921ዱ ቻይናን በሚመስል አገር ሰዎች ላይ የሚያላግጥባቸው ቦታዎች ስላሉት፣ ለልጅ ከማንበብዎ በፊት ራስዎ ይዩት።