ኢንተርዲሲፕሊናሪ ጥናት ምንድን ነው? ባለሙያ መደርደር እንዳልሆነስ እንዴት እናውቃለን?

ቃሉ ያልገባበት ቦታ የለም። የጥናት ዕቅድ ሲጻፍ፣ አዲስ የትምህርት ክፍል ሲከፈት፣ ኮንፈረንስ ሲጠራ «ኢንተርዲሲፕሊናሪ» ሳይባል አይታለፍም። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አንድ የጥናት ቡድን ሲናገር «ኢኮኖሚስት አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ አለ፤ ስለዚህ ኢንተርዲሲፕሊናሪ ነው» አለ። ይህቺን «ስለዚህ» ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ምን እንደተባባሉ አልነገረንም እኮ።

እንዲህ ያለ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሪፖርት ሦስት ምዕራፍ አለው። ሁሉም የየራሱን ይጽፋል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው መግቢያና መደምደሚያ ይቀጥልበታል። አንዱን ምዕራፍ ብታወጡት የቀሩት ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይለወጥባቸውም። መጥፎ ሥራ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ስሙ ግን መልቲዲሲፕሊናሪ ነው፤ ሙያዎች ጎን ለጎን የሚሠሩበት። ኢንተርዲሲፕሊናሪ የምንለው የአንዱ ሙያ ግኝት ሌላው ሙያ ጥያቄውን፣ ዘዴውን ወይም እንደ እውነት ይዞት የኖረውን ግምት እንዲለውጥ ሲያስገድደው ነው።

ፍርድ ቤት አስቡ። ሦስት ምስክሮች ተራ በተራ ገብተው ያዩትን ተናግረው ቢወጡ መዝገቡ ላይ የሚኖረው ሦስት የምስክር ቃል ነው። ነገሩ የሚጠራው መስቀለኛ ጥያቄ ሲጀመር ነው። በስንት ሰዓት አየኸው? መብራት ነበር? ከቆምክበት ቦታ በሩ ይታያል? ተንታኙ የምስክሮቹን ብዛት ቆጥሮ ክርክሩ አለቀ እያለን ነው።

የእኔ ሥራ የጥንት ነገሮችን ዕድሜ መለካት ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው ላምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬሚስቱ ዊላርድ ሊቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በሞተ እንጨት ውስጥ የቀረውን ካርቦን-14 (ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስደው፣ ከሞተ በኋላ ግን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት) በመለካት ዕድሜውን ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ካርቦን-14 በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቀረውን ለክቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሒሳቡ ግን አንድ ግምት ላይ ቆሞ ነበር። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን-14 መጠን በዘመናት ሁሉ እኩል ነበር የሚል።

የግብፅን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የነገሥታቱን ዘመን ከጽሑፍ ያውቁታል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙ መስለው ነበር። ልኬቱ እየጠራ ሲሄድ ግን ልዩነት ወጣ፤ በጣም የቆዩት ናሙናዎች ከታሪኩ ያነሰ ዕድሜ እያሳዩ መጡ። እዚህ ላይ ሁለት አቋራጭ ነበር። ታሪክ አጥኚው «ላቦራቶሪ ከተናገረ ምን እላለሁ» ብሎ የራሱን ዕውቀት መጣል፣ ወይም የላቦራቶሪው ሰው «መዛግብቱ ተሳስተዋል» ብሎ ፊቱን ማዞር።

ሁለቱም አልሆነም። ሌላ ምስክር ተጠራ፤ የዛፍ ቀለበት የሚቆጥሩ ሰዎች። በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ብሪስልኮን የሚባል ጥድ አለ። ከ4,000 ዓመት በላይ የኖረ ይገኝበታል። የሞቱ ግንዶች ሲጨመሩ ቆጠራው ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። ዛፉ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ስለሚጨምር እያንዳንዱ ቀለበት የበቀለበት ዓመት ይታወቃል። በ1960ዎቹ ኬሚስቶች የእነዚህን ቀለበቶች ካርቦን-14 ሲለኩ ግምቱ ስህተት እንደነበር ታየ። የአየሩ መጠን ከዘመን ዘመን ይለያያል። የጥንቶቹ ዕድሜዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት መታረም ነበረባቸው።

አሁን ማን ምን እንደተለወጠበት እዩ። አርኪዮሎጂስቶች በምዕራብ አውሮፓ የሚገኙት ትልልቅ የድንጋይ መቃብሮች ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን በተወሰደ ጥበብ የተሠሩ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ዕድሜው ሲታረም አንዳንዶቹ መቃብሮች ከግብፅ ፒራሚዶች ቀድመው ተገኙ። የዚያ ሁሉ ዘመን ትረካ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። ኬሚስቶቹ ደግሞ እኩል ነው ያሉት መጠን ለምን እንደሚለዋወጥ ሲጠይቁ መልሱ የምድር መግነጢሳዊ መስክና የፀሐይ ሁኔታ ውስጥ ተገኘ። ለአንዱ ሙያ ስህተት የነበረው ለሌላው መረጃ ሆነ ማለት ነው። በ2012 ጃፓናዊቷ ፉሳ ሚያኬና ባልደረቦቿ በ774 እና በ775 መካከል በዛፍ ቀለበት ውስጥ ድንገተኛ የካርቦን-14 ጭማሪ አገኙ። ብዙ ተመራማሪዎች መንስኤው ከፀሐይ የተነሳ ኃይለኛ ፍንዳታ ነው ይላሉ። የንጉሥ መቃብር ስንት ዓመቱ ነው ከሚል ጥያቄ ተነስተን የት እንደደረስን አስቡት!

ወደ ፍርድ ቤቱ ልመለስ። ተመካክረው የገቡ ምስክሮች አሉ። ላቦራቶሪው ዘዴውን የታሪክ አጥኚው ከሚለው ዘመን ጋር እስኪገጥም ቢያስተካክለው፣ ታሪክ አጥኚው ደግሞ «ይኸው ላቦራቶሪም አረጋገጠልኝ» ቢል፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማን እንጂ ሁለት ምስክር አላገኘንም። የዛፍ ቀለበቱ ዋጋ ያገኘው ቆጠራው ከሁለቱም ነፃ ስለነበረ ነው። ብዙ «ሦስት የጥናት ዘርፎች ያረጋገጡት» የሚባል ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ያው ተንታኝ ቀጥሎ «የወደፊቱ ተመራማሪ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ነው፤ በአንድ ሙያ መጥለቅ ጊዜው አልፎበታል» አለ። እዚህ ላይ በጭራሽ አልስማማም። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ሰው የስሚ ስሚ ምስክር ነው። በዓይኑ ያየው ስለሌለ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ የሚመልሰው የለውም። የግብፁ ልዩነት የታየው የነገሥታቱን ዝርዝር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከሁሉም የቀመሰ ሰው ቢሆን የላቦራቶሪውን ቁጥር ተቀብሎ ይሄድ ነበር።

በእርግጥ ፍርድ ቤቱ አንድ ቦታ ላይ አይመስልም። እዚያ ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጥናት ግን ምስክሩ ተመልሶ መሣሪያውን ያስተካክላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለ ያያል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ለስድስት ወር በተመደበ በጀት አብሮ ፎቶ መነሳት እንጂ መጠያየቅ አይቻልም።

ካርቦን-14ን ካነሳሁ አይቀር ደግሞ ሳልናገር የማላልፋቸው ነገሮች አሉ። ዘዴው የሚሠራው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ነው፤ የዳይኖሰር አጥንት ዕድሜ አይለካም። ከእኛ የሚወጣው ውጤት አንድ ዓመት አይደለም፣ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል ብዙ ጊዜ 400 ዓመት ያህል አርጅቶ ይታያል፤ ባሕሩ አሮጌ ካርቦን ስለሚይዝ። ክልሉን ቆርጦ መካከለኛውን ቁጥር ብቻ የሚጠቅስ ታሪክ አጥኚ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከሌላ ሙያ ውጤት ስትዋሱ ጥርጣሬውንም አብራችሁ መዋስ አለባችሁ። የምስክሩን ቃል ወስዶ «ጨለማ ነበር» ያለውን መተው ነው የሚሆነው።

ተማሪዎች «ታዲያ ሁለት ዲግሪ እንያዝ?» ይሉኛል። የግድ አይደለም። በአንዱ ጠለቅ በሉ። በሁለተኛው ማስረጃ እንዴት እንደሚሠራና በምን በኩል እንደሚሳሳት ዕወቁ። አንድ አርኪዮሎጂስት የእኛን ማሽን ማንቀሳቀስ አይጠበቅበትም። የቤት ምሰሶ ልኮ ቤቱ መቼ ተሠራ ብሎ ከጠየቀኝ ግን ችግር አለ። የምለካው ቀለበቱ የበቀለበትን ጊዜ ነው፤ ምሰሶው ደግሞ ከሌላ የቆየ ቤት ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። እዚያው ወለል ላይ የተቃጠለ የእህል ፍሬ ካለ እሱን ይላክልኝ። ፍሬ የአንድ ዓመት ምርት ነው።