የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ነው?
ደሴ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ይጠጣሉ፤ ስለ ፈጣሪ መኖር ክርክር ከተነሳ ግን «እስቲ አለመኖሩን አስረዳ» የሚል አይጠፋም። ሸክሙ እዚያ አይደለም፤ ነገሩን ያነሳው ያስረዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ስለ ግዴታ የሚለው ይኸንኑ ነው፦ «አበድሬዋለሁ» ባይ ማበደሩን፣ «ከፍዬዋለሁ» ባይ መክፈሉን ያስረዳል።

ይህችን ሁለተኛዋን፣ «ከፍዬዋለሁ» ባይም ያስረዳ የምትለዋን፣ ኢአማንያን (በፈጣሪ የማያምኑ) ሲዘሏት አያለሁ። «አላመንሁም» ያለ ሰው ሸክም የለበትም። «ፈጣሪ ፈጽሞ የለም» ያለ ግን እሱም የራሱን አቤቱታ ይዞ ቀርቧልና ማስረጃውን ያምጣ። ለራሱ የሚጸልይ ወይም የሚሰግድ ሰው በዚህ ደንብ አይያዝም፤ ደንቡ የሚመለከተው ሌላውን ለማሳመን የተነሳን ነው።